የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ለሂሳብ አልተፈጠርኩም» ሲል መምህሩ ምን ያድርግ?

የጦሳ_ግርጌ_መምህር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ይህን ርዕስ የከፈትሁት ተማሪዎቼ የዓመቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንኳ ሳያልቅ «ቲቸር፣ እኔ ለሂሳብ አልተፈጠርኩም» ማለታቸው በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። አባቱም እናቱም በሂሳብ ደካሞች እንደነበሩ በማስረጃነት የሚጠቅስ አለ፤ ሂሳብ ለሴት ልጅ እንደማይሆን ከታላቅ እህቷ ሰምታ የመጣች አለች፤ 8ኛ ክፍልን ያለፈው በዕድል እንደሆነ የሚያምንም አለ። ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ ደብተራቸው የተሟላ፣ ከክፍል የማይቀሩ ልጆች ናቸው።

በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይጨመራል። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። እኛ መምህራን ይህን ቁጥር ስናይ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ እናስባለን፤ የ15 ዓመት ልጅ ግን ትምህርት የሚሆንላቸው ጥቂት የተመረጡ ሰዎች እንዳሉና እርሱ ከእነርሱ ወገን እንዳልሆነ አድርጎ ይወስደዋል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ድዌክ የሰው ችሎታ ሲወለድ ተለክቶ የተሰጠ እንዳልሆነ፣ በትክክለኛ ስልት፣ በልምምድና በሌሎች እገዛ እንደሚጨምር ማመንን የዕድገት አስተሳሰብ ይሉታል። ሐሳቡን በየሥልጠናው ሰምተነዋል፤ «ትችላለህ» የሚል ጽሑፍም በየግድግዳው ተለጥፏል። እኔ የምለው ተማሪ ይህን እምነት የሚያገኘው ስህተት የሠራበት ወረቀት ታርሞ ከተመለሰለት በኋላ ከሚሆነው ነገር ነው። ወረቀቱ ከ20 6 ተጽፎበት ተመልሶ እኛ በማግስቱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ከተሻገርን፣ በአፋችን ምንም ያህል ብናበረታታው፣ 6 የእርሱ ልክ እንደሆነ ነግረነዋል።

የማደርገውን በምሳሌ ላስረዳ። የ(ሀ + 3)² ዝርዝር ሲጠየቁ ብዙዎቹ ሀ² + 9 ብለው ይጽፋሉ። ወረቀቱን ከመመለሴ በፊት ይህን መልስ ያለ ስም ሰሌዳው ላይ እጽፈውና «እንዲህ የጻፈ ሰው ምን አስቦ ይሆን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካሬው ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል ብሎ አስቦ እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ በሀ ቦታ 2 አስገብተው ሲያሰሉ አንዱ 25፣ ሌላው 13 ይሆንባቸዋል። ጎኑ ሀ + 3 የሆነ ካሬ ሥለው ሲከፋፍሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው 3ሀ ስፋት ያላቸው ሁለት ሬክታንግሎች ተረስተው እንደቀሩ ያያሉ፤ 6ሀ የመጣው ከዚያ ነው። በመጨረሻም ወረቀታቸውን ወስደው የሳቱትን እንደገና ይሠራሉ፣ ለምን እንደሳቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ ካጡት ነጥብ ግማሹን አስመልስላቸዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ሳትደክሙ የምታስኬዱት እንዴት ነው? ነጥብ መመለሱስ ተገቢ ነው ትላላችሁ?


መምህርት_ከቦርከና (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ርዕሱን ስላነሡት አመሰግናለሁ። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ያነሡት የድካም ጉዳይ የእኔም ነው። የረዳኝ ሁሉንም ስህተት ማረም መተው ነው። ከእያንዳንዱ ፈተና አንድ ጥያቄ ብቻ እመርጥና ወረቀቶቹን በስህተቱ ዓይነት እከፋፍላቸዋለሁ፤ ተማሪው ስልሳም ይሁን ሰባ፣ የስህተቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥም። የምናወራው ስለ እነዚያ ብቻ ስለሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ለአካባቢያችን ልጆች የሚስማማ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ሁሉም ማለት ይቻላል 45 ይላሉ፤ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም ጭምር። ትክክለኛው 40 ነው፤ ምክንያቱም ሚኒባሱ በዝግታ የሚጓዝበት ጊዜ በፍጥነት ከሚጓዝበት ጊዜ እጥፍ ነው። ይህን ጥያቄ የምወድደው ጎበዝ የሚባለውም ደካማ የሚባለውም አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተው አብረው ስለሚያርሙት ነው። በዚያ ቀን የክፍሉ መንፈስ ይለወጣል፤ ከኋላ ወንበር የማትናገር ልጅ «ሰዓቱን ለየብቻ እናስላው» ብላ መንገዱን ስታሳይ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ መምህራን ቶሎ ለመለሰ ተማሪ «ጎበዝ! ብሩህ ጭንቅላት!» እንላለን። ዘግይቶ የሚያስበው ልጅ ይህን ሲሰማ መዘግየቱን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። እኔ አሁን የማመሰግነው የተደረገውን ነገር በስሙ ጠርቼ ነው፤ «አሃዱን መጀመሪያ ወደ ሜትር መቀየርሽ መልሱን አቃናው» ስላት ነገ ምን እንደምትደግም ታውቃለች።


ሆጤ_ነባር (ደሴ)

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በጥሞና አነበብሁ። በማስተማር ሥራ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ትጋታችሁ ያስደስተኛል። ነገር ግን ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ወደ እኛ ክፍል ሲገባ የሚያሰጋኝን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 3ኛ ክፍል ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ቤተሰቡ ከነጓዙ ሲሰደድ፣ እርሱ 5ኛ ክፍል ነበር። ክፍልፋይና አሥርዮሽ በደንብ ሊገባው በሚገባው ዕድሜ ትምህርቱ ደጋግሞ ተቋርጦበታል። ይህን ልጅ «አስተሳሰብህን ብትለውጥ ትችላለህ» ስንለው ያላገኘውን ትምህርት የእርሱ የአመለካከት ጉድለት አናደርግበትም ወይ? የመጽሐፍ እጥረት፣ የላቦራቶሪ መጓደል፣ የመምህራን ኑሮ፣ ይህ ሁሉ በልጁ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ደክሞ የወደቀ ልጅም አለ። እርሱን «አልደከምክም» ማለት በደል ነው።

ነጥብ መመለሱንም አልደግፍም። የ12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ልጁ በየፈተናው ሁለተኛ ዕድል ከለመደ ያን ቀን ምን ይሆናል?


የትምህርት_ሥነልቦና (ደሴ)

ጋሼ ያነሡት ሥጋት ትክክለኛ ነው፤ በጥናቱም ዓለም ሰፊ ክርክር የተነሣበት ነጥብ ነው። በዩኒቨርሲቲ መምህራንን ስለማሠለጥን ጥናቶቹ የሚሉትን ባጭሩ ላቅርብ።

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆች ጥያቄዎችን ከሠሩ በኋላ አንዳንዶቹ በብልህነታቸው፣ ሌሎቹ በጥረታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ብዙ ከሳቱ በኋላ እንደ መጀመሪያው ያሉ ጥያቄዎችን እንደገና ሲሠሩ፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ውጤታቸው ከመጀመሪያው ዝቅ አለ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ። በብልህነታቸው ከተመሰገኑት ውስጥ ያመጡትን ነጥብ ከፍ አድርገው ለሌላ ልጅ የተናገሩትም ብዙ ነበሩ። መምህርት ስለ ምስጋና ያነሡት ነገር መሠረቱ ይህ ነው።

ሆኖም ሐሳቡ ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና የዚህ ዓይነት ሥልጠና በውጤት ላይ ያለው አማካይ ለውጥ አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል፤ ጠቀሜታው ከፍ ብሎ የታየው በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቻቸው በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት ከ12,000 በላይ የአሜሪካ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ ሰዓት ያነሰ የኦንላይን ትምህርት ወስደው፣ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ በ0.1 ያህል ከፍ ብሏል። ለውጡ የጎላው አብረው የሚማሩት ልጆች ከባድ ሥራ መሞከርን በሚያከብሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። አጥኚዎቹ በኋላ እንዳሳዩትም መምህሩ ራሱ በሐሳቡ በማያምንበት ክፍል ሥልጠናው ፍሬ አልሰጠም።

ድዌክ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 መምህራንን አስጠንቅቀዋል። ተማሪው ምንም ሳይማር «ጥረህ ነበር፣ በርታ» ብሎ ማለፍ የሐሳቡ ብልሽት እንደሆነ ጽፈዋል። በእኛ አነጋገር «አብሽር» ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎ መሄድ ማለት ነው። ማጽናናቱ መልካም ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ግን የሳተውን መንገድ ማሳየት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት በ5ኛ ክፍል ያመለጠው ክፍልፋይ ካልተሞላለት፣ የ9ኛ ክፍል ልጅ ችሎታው እንደሚያድግ በቃል ብንነግረው በቅርቡ እንደዋሸነው ያውቃል።


የ11ኛ_ክፍል_ተማሪ (ኮምቦልቻ)

ታላላቆቼ ስለሆናችሁ በአክብሮት ነው የምጽፈው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ።

ከ20 4 ባመጣሁበት ፈተና መምህራችን ለሁላችንም «ትችላላችሁ፣ ዋናው በራስ መተማመን ነው» ብለውን ነበር። እርሳቸው በቅንነት ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን ቤት ገብቼ ደብተሬን ስከፍት ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። የረዳኝ ሌላ መምህር ናቸው። ወረቀቴን አይተው ፊዚክሱን እንዳልሳትሁት፣ የሳትሁት ረጅሙን የእንግሊዝኛ ጥያቄ እንደሆነ ነገሩኝ። ጥያቄውን በአማርኛ ሲነግሩኝ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሳነብ የተሰጠውን ከአንድ ወገን፣ የተፈለገውን ከሌላ ወገን እንድጽፍ፣ የማላውቃቸውን ቃላት በአንድ ትንሽ ደብተር እንዳጠራቅም አስለመዱኝ። እስከዚያ ድረስ ጭንቅላቴ ለፊዚክስ እንደማይሆን እርግጠኛ ነበርሁ።

ጓደኞቼ «አልችልም» ሲሉ ብዙ ጊዜ የማይችሉት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ብቻቸውን ማወቅ አይችሉም።


የሁለት_ልጆች_እናት (ኮምቦልቻ)

ይህ ልጅ የጻፈውን ስላነበብሁ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ እናት ነኝ፤ የተማርሁት እስከ 7ኛ ክፍል ነው። ልጄ የሂሳብ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የጻፈው ትክክል ይሁን ስህተት መለየት አልችልም። ሰፈር ውስጥ ካርድ ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው፤ 41ኛ የወጣ ልጅ ያን ጥያቄ ደጋግሞ ሲመልስ እንደሚሸማቀቅ አያለሁ። ሂሳቡን የማላውቅ እኔ ቤት ውስጥ ምን ብዬ ልርዳው?


መምህርት_ከቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሂሳቡን ማወቅ አይጠበቅብሽም። ከፈረቃ ስትመለሺ ደብተሩን ይዞ ዛሬ የተማረውን እንዲያስረዳሽ አድርጊው፤ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ላይ ምልክት ያድርግበትና በማግስቱ መምህሩን ይጠይቅ። አንቺ ሳታውቂው መጠየቅሽ ይጠቅመዋል፤ የሚያውቅ ሰው ቶሎ መልሱን ስለሚነግር ልጁ የማሰብ ዕድል ያጣል። ካርድ ሲመጣም ከደረጃው በፊት ካለፈው መንፈቅ የትኛው ትምህርት እንደተሻሻለና ምን አድርጎ እንዳሻሻለው ጠይቂው። የተሻሻለ ከሌለ የትኛው ርዕስ እንዳስቸገረው ይንገርሽና ይዘሽው ወደ መምህሩ ነይ። እኛ ወላጅን የምናየው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ መሆኑ መቅረት አለበት።


ቦሩ_ሜዳ (ደሴ ዙሪያ)

ጋሼ ሆጤ_ነባር ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ነው ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ስሙና ጥናቱ ከውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን በወሎ የኖረ ነው።

እኔ በልጅነቴ መድረሳ ተቀምጫለሁ። ለውሃችን (የእንጨት ሰሌዳችን) ላይ የተጻፈውን ደጋግመን እንቀራለን፣ ማለትም እናነባለን፣ ሸኹ ፊት ቀርበን እናሰማለን። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሸኹ ያቃኑናል፣ ተመልሰን እንቀመጣለን፣ እንደገና እንቀርባለን። ለውሁ ታጥቦ አዲስ የሚጻፍልን ያለፈው ከስህተት ሲጠራ ብቻ ነበር። ከእኔ ጋር የጀመረ ልጅ ቀድሞኝ ሊሄድ ይችላል፣ እኔም ከሌላው ልቀድም እችላለሁ፤ ሳይጠራልኝ ግን ማንም ወደ ፊት አይገፋኝም፣ በመዘግየቴም ከመድረሳው አልባረርም።

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበረ ጎረቤቴም ተመሳሳይ ነገር ይነግረኛል። ተማሪው በየቀኑ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ (ደርሶ) ለየኔታ ያቀርባል፤ የኔታ ሰዋስዉን ወይም ምሥጢሩን ያርሙበታል፤ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከሁለት መስመሯ ከጉባኤ ቃና የጀመረ ተማሪ ረጅሙን መወድስ እስኪደርስ የሚታረምበት ቀን ብዙ ነው፤ መታረም የዕለቱ ትምህርት ስለሆነ ማንም አያፍርበትም።

ዱላው፣ ረሃቡና እንግልቱ ይመለስ ማለቴ አይደለም። አርሞ እንደገና የማስቀረብ ልማዱ ግን በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የት እንደጠፋ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።


ሆጤ_ነባር (ደሴ)

ልጄ ቦሩ_ሜዳ፣ ያነሣኸው እውነት ነው። እኔም አባቴ የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ የማውቀው ነው። ነገር ግን ልብ በል፤ ሸኹም የኔታም ተማሪውን ሳይጠራለት አያሳልፉትም ነበር። ነጥብ መመለስ የሚባለው ከዚህ ጋር አንድ ነው ወይ? ያው ጥያቄ፣ መልሱ ሰሌዳ ላይ ከተሠራ በኋላ፣ በደብተር ተገልብጦ ግማሽ ነጥብ የሚያሰጥ ከሆነ የተማረው መገልበጥ ነው። መምህር፣ ይህን ይመልሱልኝ።


የጦሳ_ግርጌ_መምህር (ደሴ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሥራዬን እንዳስተካክል አድርጎኛል፤ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ነጥቡ የሚመለሰው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ለጻፈ ሳይሆን ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው አዲስ ጥያቄ ለሠራ ይሆናል። (ሀ + 3)² የሳተ ልጅ ከሳምንት በኋላ (2ሀ − 5)² ይሰጠዋል፤ መሐል ያለው −20ሀ የሚገለበጥበት ቦታ የለም። ከሠራው ነጥቡን አግኝቷል፤ ካልሠራው የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ እናያለን። የተከታታይ ምዘናው ነጥብ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለው፤ የመንፈቅ ማጠቃለያው ፈተና እንደነበረ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። በዚህ መንገድ ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሰጠው ለ12ኛ ክፍሉ ፈተና ይዘጋጃል፤ የሳተውን ይዞ ሦስት ዓመት ከመጓዝ ያድነዋል።

ስለ ጦርነቱና ስለ ተቋረጠው ትምህርት ያሉትን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የደከመ ሁሉ ያልፋል ብሎ ለተማሪ ቃል መግባት ሐሰት ነው፤ እኔ ያን ቃል አልገባም። የምነግራቸው 5ኛ ክፍል ላይ ምን እንዳመለጣቸውና ለምን እንዳመለጣቸው ነው። ክፍልፋይ መደመር ያቃተው የ9ኛ ክፍል ልጅ ጉድለቱ ከተፈጥሮው ሳይሆን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከቤቱ ከተሰደደባቸው ወራት እንደመጣ ሲሰማ ፊቱ ሲፈታ አያለሁ። የጎደለው በስሙ ከተጠራ መሙላት ይቻላል። ለዚህም ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ የምንሰጠውን የማካካሻ ትምህርት የ9ኛ ክፍሉን መጽሐፍ እንደገና ከማንበብ ይልቅ ለክፍልፋይ፣ ለአሉታዊ ቁጥሮችና ለቃላት ጥያቄ እንድናውለው ለትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቼ አቅርቤያለሁ። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ያነሣውን የእንግሊዝኛ ንባብ ጉዳይም እዚያው እንጨምረዋለን፤ እርሱ ያለው ትንሽ ደብተር ለሁሉም ይሆናል።


የትምህርት_ሥነልቦና (ደሴ)

በ2019ኙ ጥናት ውስጥ አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ተማሪዎቹ የተማሩትን ለሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡ ታናናሾቻቸው ምክር አድርገው ይጽፉ ነበር። ወጪ የለውም። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የትኛው ርዕስ እንዳስቸገራቸውና በምን እንዳለፉት ለ9ኛ ክፍሎች አንድ ገጽ ቢጽፉና በሚኒ ሚዲያ ቢነበብ፣ ከእኛ ንግግር ይልቅ ይሰማሉ።


መምህርት_ከቦርከና (ኮምቦልቻ)

ያኔ መንገዱን ያሳየችው የኋላ ወንበር ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት፤ ስለ ሐረጎው ጥያቄ እንድትጽፍ እጠይቃታለሁ። መምህር፣ (2ሀ − 5)² የሚሰጡበትን ሳምንት ቢያሳውቁኝ እኔም የአማካይ ፍጥነቱን ሁለተኛ ጥያቄ በዚያው ሳምንት አደርገዋለሁ፤ የሳቱትን ዓይነቶች ይዘን እዚሁ እናነጻጽር።


የጦሳ_ግርጌ_መምህር (ደሴ)

ከመንፈቁ አጋማሽ ፈተና በኋላ ባለው ሳምንት፣ ረቡዕ። ወረቀቶቹን ቅዳሜ እለያያለሁ፤ እሑድ ማታ እዚህ እጽፋለሁ።